ስልክና ቴሌቪዥን በአንድ ገመድ ሲመጡ፦ ረቂቅ ሕጉን እንዴት እናንብብ?

ስልክን፣ ኢንተርኔትንና ቴሌቪዥንን የሚመለከት የኮሙኒኬሽን ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ አስተያየት ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የቅጣቱን ምዕራፍ ነው። ይገባኛል፣ ቅጣት ያስፈራል። ግን ቅጣቱ ማንን እንደሚነካ የሚወስነው ሁሉም የሚዘለው የትርጓሜ ክፍል ነው። የእኔ ሥራ እንዲህ ያሉ ረቂቆችን አንብቦ አስተያየት መጻፍ ነው። ቀጥሎ የማካፍላችሁም ራሴ የምከተለውን መንገድ ነው። ጋዜጠኛ ሁኑ፣ ቪዲዮ አዘጋጅ፣ አፕ ሠሪ ወይም እንዲሁ ኢንተርኔት ተጠቃሚ፣ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ሕግ መማር አይጠይቅም። እርሳስ፣ ባዶ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስልክና የቴሌቪዥን ሕግ ጠብ ከየት መጣ?

ስልክ በመዳብ ሽቦ፣ ቴሌቪዥን በአየር ሞገድ ይመጡ በነበረበት ዘመን ሁለት ዓይነት ሕግ ነበር። የስልክ ሕግ መንፈሱ እንዲህ ነው፦ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ አገልግል፣ አታዳላ፣ ሰው የሚያወራው አያገባህም። የብሮድካስት ሕግ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሞገዱ ጥቂት ስለሆነ የሚፈቀደው ለተመረጡ ብቻ ነው፤ የተፈቀደለትም ለሚያስተላልፈው ቃል ሁሉ ይጠየቃል። አንዱ «ይዘቱን አትንካ» ይላል። ሌላው «ለይዘቱ ተጠያቂው አንተ ነህ» ይላል። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ነበሩ።

የአሜሪካን የ1934 የኮሙኒኬሽን ሕግ ብታዩት ይኸው አሠራር አለ። ስልክ በሁለተኛው ክፍል፣ የሬዲዮ ስርጭት በሦስተኛው ክፍል ተቀምጧል። የኬብል ቴሌቪዥን ሲስፋፋ በ1984 ሌላ ክፍል ተጨመረለት። ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር አዲስ ክፍል መጨመር ለረጅም ጊዜ ሠርቷል።

ኢንተርኔት ይህን አፈረሰው። ድምፅም፣ ምስልም፣ ጽሑፍም ፓኬት (ትንንሽ የዳታ ቁራጭ) ሆኖ በአንድ ፋይበር ይሄዳል፤ ገመዱ የቱ ስልክ፣ የቱ ቴሌቪዥን እንደሆነ አያውቅም። ታዲያ የትኛው ሕግ ይከተለው? አርቃቂው በዚህ ላይ በቂ ሐሳብ ካልሰጠ ውጤቱ ከሁለቱም ወገን የከፋው ይሆናል። ኔትወርክ የዘረጋው ኩባንያ ደንበኛው ለጫነው ቪዲዮ ይጠየቃል። ካሜራና ላፕቶፕ ብቻ ያላት ወጣት ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ አውጪ ትባላለች።

እኔ ረቂቅ ሁሉ የምመዝንበት መለኪያ አንድ ነው፦ ሕጉ የሚከተለው ሰውየው የሚሠራውን ሥራ ነው ወይስ የሚጠቀምበትን ገመድ? ሥራውን ከተከተለ አብዛኛው ነገር ይስተካከላል። ገመዱን ከተከተለ፣ ገመዱ በተቀየረ ቁጥር ሕጉ ይወላገዳል።

አንድ ቪዲዮ ምረጡና ተከተሉት

ረቂቁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን ቪዲዮ ምረጡ። እኔ ብዙ ጊዜ የምይዘው በቀጥታ የሚተላለፍ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታ በሁሉም መንገድ ይመጣል። በአንቴና፣ በቴሌኮም ኩባንያው ሳጥን፣ በስልክ አፕ።

ወረቀታችሁ ላይ ጨዋታው ከሜዳ ተነስቶ ተመልካቹ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን እጆች ከላይ ወደ ታች ጻፉ። የማስተላለፍ መብቱ የማን ነው? የትኛው ካሜራ ይታይ፣ ማስታወቂያ መቼ ይግባ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ጨዋታውን ከሌሎች ቻናሎች ጋር አጣምሮ የሚሸጠው ማን ነው? ተመልካቹ አቅራቢያ ያሉትን ሰርቨሮች የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ፋይበሩ ወይም የሞባይል ማማው የማን ነው? ቴሌቪዥኑ ሲበራ የትኛው አፕ ከፊት እንደሚታይስ የሚወስነው ማን ነው? ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ረቂቅ ይረሳታል። እንግሊዞች በ2024 ባወጡት የሚዲያ ሕግ ውስጥ ግን አስገብተዋታል፤ የሕዝብ አገልግሎት ቴሌቪዥኖች አፕ ኢንተርኔት በገባላቸው ቴሌቪዥኖች ላይ በቀላሉ እንዲገኝ ያስገድዳል።

አሁን ሦስቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ካልታየ ሕጉም አይገባም። ጨዋታው በኩባንያው ሳጥን ሲመጣ በኔትወርኩ ውስጥ የሚፈሰው አንድ ቅጂ ነው፤ ተመልካች ወዳለበት አቅጣጫ ብቻ ይባዛል። ኩባንያው ለዚህ ሥራ ገመዱ ላይ ቦታ ስለያዘለት ቤት ውስጥ ልጆች ጌም እያወረዱ ቢሆን እንኳ ምስሉ አይቆራረጥም። በአፕ ሲመጣ ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ይላካል። ያ ቅጂ ከኢሜይሉ፣ ከጌሙ፣ ከቪዲዮ ጥሪው ጋር እየተጋፋ ነው የሚመጣው። ገመዱ አንድ ነው፣ ጨዋታው አንድ ነው፣ ተመልካቹም አንድ ነው። በሕግ ፊት ግን አንዱ «ቴሌቪዥን»፣ ሌላው «ኢንተርኔት» ሊባል ይችላል።

ረቂቁን ከፍታችሁ በእያንዳንዱ እጅ አጠገብ የሚነካውን አንቀጽ ቁጥር ጻፉ። አንዳንዱ እጅ አጠገብ ምንም ቁጥር አይኖርም። አንዳንዱ ጋ ሦስትና አራት አንቀጽ ይደራረባል። ሁለቱንም አክብቡ፤ የአስተያየታችሁ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

ልዩነት ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። በአንቴና የሚያስተላልፈው ሌላው ሊጠቀምበት የማይችለውን ሞገድ ይዟል። ስለዚህ ተጨማሪ ግዴታ ቢኖርበት ምክንያት አለው። መጠየቅ ያለብን «ለምን ይለያያሉ?» ብለን ነው። ረቂቁ ወይም ማብራሪያው መልስ ከሌለው ጉዳዩን ያዙት።

የትርጓሜው ክፍል ላይ ጊዜ አጥፉ

እኔ ከጠቅላላው የንባብ ጊዜዬ ትልቁን የማውለው እዚህ ነው። አንዲት ቃል አንድን ኩባንያ ሕጉ ውስጥ ልታስገባ ወይም ልታስወጣ ትችላለች። ማስረጃ ካስፈለገ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሰኔ 2019 በቀናት ልዩነት የሰጣቸውን ሁለት ውሳኔዎች እንይ።

በወቅቱ የነበረው የኅብረቱ ሕግ «የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን አገልግሎት» የሚለው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት ሲግናል ማስተላለፍ የሆነውን አገልግሎት ነበር። የመጀመሪያው ጉዳይ የስካይፕ ነው። ስካይፕ ከኮምፒውተር ወደ መደበኛና ሞባይል ስልክ ቁጥር የሚደውል፣ በክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነበረው። የቤልጂየም ተቆጣጣሪ «እንደ ቴሌኮም አሳውቀህ ሥራ» አለው። ስካይፕ «እኔ ሶፍትዌር ነኝ፣ ሲግናል የሚያጓጉዙት ሌሎች ናቸው» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ተቆጣጣሪውን ደገፈ። ስካይፕ ጥሪው ስልክ ቁጥሩ ዘንድ እንዲደርስ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር ውል ገብቷል፤ ለደንበኛው ጥሪው መድረሱን የሚመልስለትም እሱ ነው ተባለ። ሁለተኛው ጉዳይ የጂሜይል ነው። የጀርመን ተቆጣጣሪም ተመሳሳይ ጥያቄ አንስቶ ነበር። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ «አይ» አለ። ጂሜይል ኢሜይሉን ቆራርጦ ቢልክም ቢቀበልም፣ በዋናነት ሲግናል የሚያጓጉዙት የኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ናቸው ተባለ።

ልብ በሉ፣ ለተጠቃሚው ሁለቱም መልእክት ማድረሻ ናቸው። የለያቸው «በዋናነት» የምትል ቃል ናት። ኅብረቱም በ2018 ያወጣው አዲሱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ይህንን ጥያቄ ከሥሩ ቀይሮታል። ሰው ከሰው የሚያገናኙ አገልግሎቶችን ሁሉ አስገብቶ፣ ስልክ ቁጥር የሚጠቀሙትንና የማይጠቀሙትን ለያያቸው። ከበድ ያለው ግዴታ ቁጥር በሚጠቀሙት ላይ ነው። ይህ አከፋፈል እንከን የለሽ ነው አልልም፤ ግን ቢያንስ ተጠቃሚው የሚያገኘውን አገልግሎት ይመለከታል።

በይዘት በኩልም ነገሩ ያው ነው። ፍርድ ቤቱ በ2005 በወሰነው ጉዳይ አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት በተወሰነ ሰዓት ፊልም ይልክና ደንበኛው ኮድ አስገብቶ ያይ ነበር። ድርጅቱ «ይህ በትእዛዝ የሚቀርብ ነው እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ፊልሙ የሚላክበትን ሰዓትና ዝርዝሩን ድርጅቱ እስከወሰነ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እስከተላከ ድረስ ቴሌቪዥን ነው አለ። በ2015 ደግሞ የአንድ የኦስትሪያ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ያሉ አጫጭር ቪዲዮዎች ጥያቄ አስነሡ። ቪዲዮዎቹ ከጽሑፎቹ ጋር ብዙም ስላልተያያዙ፣ የቪዲዮው ክፍል ለብቻው የኦዲዮቪዥዋል (የምስልና ድምፅ) አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ተወሰነ። በ2018 ግን አንድ የመኪና ኩባንያ ዩቲዩብ ላይ ያለው የማስታወቂያ ቻናል ኦዲዮቪዥዋል የሚዲያ አገልግሎት አይደለም ተባለ። ዓላማው ምርት ማስተዋወቅ እንጂ ማሳወቅ፣ ማዝናናት ወይም ማስተማር አልነበረምና።

ከነዚህ ጉዳዮች የምትወስዱት ዘዴ ይህ ነው። ከትርጓሜው ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቸጋሪ አገልግሎቶችን ደርድሩ። የቪዲዮ ጥሪ፣ ጌም ውስጥ ያለ የድምፅ ቻት፣ የጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ያለ ቪዲዮ፣ ፖድካስት፣ ብዙ ተከታይ ያለው ቪዲዮ አዘጋጅ፣ የሃይማኖት ተቋም ቀጥታ ስርጭት፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በቪዲዮ። ከዚያ አንድ በአንድ «ይገባል? አይገባም?» በሉ። የቤተሰብ የቪዲዮ ጥሪ ብሮድካስት ትርጓሜ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ትርጓሜው ፈሷል ማለት ነው። ትልቅ የስትሪሚንግ ኩባንያ ከወጣም እንዲሁ።

ጥሩ ትርጓሜ ብዙ ጊዜ አራት ነገር ይጠይቃል። ለሕዝብ ነው ወይስ ለተወሰነ ሰው? ዋና ዓላማው ምንድን ነው? ምን እንደሚታይ የሚመርጠው ማን ነው? የንግድ ሥራ ነው? «በማንኛውም ቴክኖሎጂ» የሚለው ሐረግ ዘመናዊ ይመስላል፤ ከነዚህ መለኪያዎች ውጪ ብቻውን ከቆመ ግን አደገኛ ነው። ሥራውን ሳይለይ ሁሉንም ይጠቀልላልና።

ፈቃድ ለማን፣ ምዝገባ ለማን?

ማሌዢያ በ1998 ያወጣችው ሕግ ፈቃድን በቴክኖሎጂ ሳይሆን በሥራ ድርብርብ ከፈለች። የኔትወርክ ቁስ ያለው፣ የኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጠው፣ በላዩ አፕሊኬሽን የሚያቀርበው፣ ይዘት የሚያቀርበው። ደቡብ አፍሪካም በ2005 ሕጓ መሠረተ ልማትን፣ አገልግሎትንና ብሮድካስትን በተለያየ ፈቃድ አስቀምጣለች። ይህን አቀራረብ እወደዋለሁ። ወረቀታችሁ ላይ ከላይ ወደ ታች የጻፋችሁት ዝርዝር በቀጥታ ይገጥምበታል።

የራሴ አቋም ቀላል ነው። ሞገድ፣ ስልክ ቁጥር ወይም መንገድ ቆፍሮ ገመድ የመቅበር መብት ለሚፈልግ ሰው ፈቃድ ይኑር። ይህን ለማይነካው ማሳወቅ ወይም መመዝገብ ይብቃው። ፈቃድ መከልከል ይቻላል፤ ምዝገባ ግን ፎርም ሞልቶ ሥራ መጀመር ነው። ረቂቁ ውስጥ «ይመዘገባል» የሚል ቃል ስታዩ ግን ቶሎ አትርኩ። ቀጥሎ «ባለሥልጣኑ ምዝገባውን ሊከለክል ይችላል» የሚል ካለ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሞገድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2006 ጄኔቫ ላይ የተደረሰው ስምምነት በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ለሚገኙ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ስርጭት መሸጋገሪያ ቀን አስቀምጦ ነበር፤ ዩኤችኤፍ ለሚባለው የቴሌቪዥን ሞገድ ክልል ሰኔ 17 ቀን 2015። ዲጂታል ቦታ ስለሚቆጥብ፣ የተለቀቀው የ700 እና የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለሞባይል ብሮድባንድ ተፈለገ። ረቂቁ ላይ የተለቀቀውን ሞገድ ማን እንደሚመድብ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማዛወሪያ ወጪ ማን እንደሚከፍል ካልተጻፈ ጠይቁ።

ገመዱም ይዘቱም የአንድ ሰው ሲሆን

ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት መዋሃዳቸው የሚያመጣው ትልቁ የገበያ ችግር ይህ ነው። መንገዱን የያዘው ኩባንያ የራሱንም መኪና ማሽከርከር ይጀምራል። ከዚያ የሌሎቹን መኪና ለማዘግየት ምክንያት ያገኛል።

በ2005 አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን ሪቨር የተባለ አነስተኛ የስልክ ኩባንያ ቮኔጅ የሚባለውን የኢንተርኔት ስልክ ዘጋ። ማዲሰን ሪቨር ራሱም የስልክ አገልግሎት ይሸጥ ነበርና። 15,000 ዶላር ከፍሎ ሁለተኛ ላይደግም ተስማማ። ይህ ግልጽ ነው፤ ተዘግቷል፣ ይታያል። ዛሬ የሚያስቸግረው ግን መዝጋት ሳይሆን በዋጋ መግፋት ነው። እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

ካናዳ ውስጥ ቤል ሞቢሊቲ የሞባይል ቴሌቪዥን አገልግሎት ነበረው። ደንበኛው በወር 5 ዶላር ከፍሎ 10 ሰዓት ያያል፤ ያ ቪዲዮ ከመደበኛ የዳታ ጥቅሉ አይቀነስም። ደንበኛው ሌላ ኩባንያ ያቀረበውን ቪዲዮ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ኔትወርክ ካየ ግን ዳታው ይቆጠራል፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ይሆናል። በ2013 አንድ ተማሪ ለተቆጣጣሪው አካል አቤቱታ አስገባ። የኩባንያው መልስ የሚገርም ነው። «ይህ ብሮድካስት ነው፤ የቴሌኮሙን ያለማዳላት ግዴታ እዚህ ልትጠቅሱብኝ አትችሉም» አለ። ካናዳ ለብሮድካስትና ለቴሌኮም ሁለት የተለያዩ ሕጎች ስላሏት ክርክሩ ቀላል አልነበረም።

ተቆጣጣሪው በጥር 2015 ሥራውን ሁለት ቦታ ከፍሎ አየው። ቻናሎቹን መርጦ ማሰናዳቱ ብሮድካስት ነው። ያንን ቪዲዮ በሞባይል ኔትወርክ እስከ ስልኩ ማጓጓዙ ግን ቴሌኮም ነው። ስለዚህ በማጓጓዙ ላይ ለራስህ ማዳላት አይፈቀድልህም ተባለ። በ2016 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንን አጸናው። ረቂቅ ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው ይህንን ነው። ሕጉ አንድን ኩባንያ በሁለት ሥራው ለየብቻ እንዲጠይቀው ይፈቅዳል? ወይስ «አንተ ብሮድካስተር ነህ» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ከቶት ከሌላው ግዴታ ያስመልጠዋል?

የህንድ ተቆጣጣሪ በየካቲት 2016 ሌላ መንገድ መረጠ። በይዘቱ ላይ ተመሥርቶ የዳታ ዋጋ መለያየትን ጠቅላላ ከለከለ፤ የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ በነፃ የሚሰጠው የፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ»ም በዚሁ ቆመ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢ «ቴሌኮም» ነው ወይስ «የመረጃ አገልግሎት» የሚለው ጥያቄ ከአስተዳደር ወደ አስተዳደር ሲገላበጥ ኖሯል። በ2015 ቴሌኮም ተባለ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ሕግ አውጪው ትርጓሜውን ሲያንሳፍፈው ውጤቱ እንዲህ ነው፤ ኩባንያውም ተጠቃሚውም ነገን አያውቁም።

የቴሌኮም ኩባንያዎችም የራሳቸው አቤቱታ አላቸው፤ መስማት ይገባል። «ፋይበር የምንዘረጋው እኛ፣ የሚያተርፉበት የስትሪሚንግ ኩባንያዎች» ይላሉ። ደቡብ ኮሪያ ይህን በክፍያ ለመፍታት ከሞከሩት ናት። የኢንተርኔት አቅራቢው ኤስኬ ብሮድባንድና ኔትፍሊክስ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰው በመስከረም 2023 ታረቁ። ትዊች የተባለው የቀጥታ ስርጭት መድረክ ደግሞ የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ ሌሎች አገሮች አሥር እጥፍ ይበልጣል ብሎ በየካቲት 2024 ከአገሪቱ ወጣ። ረቂቃችሁ ላይ «ይዘት አቅራቢዎች ለኔትወርክ ወጪ ይጋራሉ» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ትልቁ ኩባንያ ሳይሆን ትንሹ አዘጋጅ ምን እንደሚሆን አስሉ። ትልቁ መደራደር ይችላል፤ ትንሹ ግን ሄዶ የሚደራደርበት በር የለውም።

አንድ ተቆጣጣሪ ወይስ ሁለት?

ዩናይትድ ኪንግደም በ2003 አምስት ተቆጣጣሪዎችን አዋህዳ ኦፍኮምን ፈጠረች። ደቡብ አፍሪካም በ2000 የቴሌኮሙንና የብሮድካስቱን አንድ አደረገች። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ጉዳይ በሁለት ቢሮ መካከል እንደ ኳስ አይመታም።

ግን እዚህ ላይ በጣም ጠንቀቅ እላለሁ። የተዋሃደ ተቆጣጣሪ ማማ የሚተከልበትን ፈቃድም፣ ዜና የሚሰራጭበትን ፈቃድም በአንድ እጅ ይይዛል። ስለዚህ የመዋቅሩን ምዕራፍ ስታነቡ ስሙን ተውትና እነዚህን ፈልጉ። የቦርድ አባላትን የሚሾመው ማን ነው፣ የሚያነሳውስ በምን ምክንያት ነው? በጀቱ ከየት ይመጣል? ሚኒስትሩ ስለ አንድ የተለየ ይዘት ትእዛዝ መስጠት ይችላል? ውሳኔው በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይወጣል? ይግባኝ ለማን ነው፣ ይግባኙ እስኪታይስ ውሳኔው ይታገዳል?

ከዚያ ከሁሉ በላይ የማሳስበው አንድ አንቀጽ አለ። ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ይደበቃል፤ «ማንኛውም ባለ ፈቃድ በኔትወርኩ የሚተላለፈው ይዘት ሕግን የተከተለ መሆኑን ያረጋግጣል» የሚል ዓይነት። ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ትርጉሙ ግን አጓጓዡ የእያንዳንዱን ሰው ትራፊክ ይመርምር ማለት ነው። የስልክ ሕግ ለዘመናት የጠበቀውን «ሰው የሚያወራው አያገባህም» የሚለውን መርሕ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሽረዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ፣ ይዘቱን ሳይመርጥና ሳይለውጥ የሚያስተላልፍ አጓጓዥ ለይዘቱ አይጠየቅም ብሏል። በ2022ቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም ይኸው ቀጥሏል፤ አዲሱ ግዴታ በመድረኮቹ ላይ፣ በተለይም በትልልቆቹ ላይ ነው የተጣለው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁም ቢሆን በእሱ ላይ ጻፉ።

የአገር ውስጥ ይዘት ኮታና የሁሉን አቀፍ አገልግሎት ፈንድም (አገልግሎት ትርፍ ወደማይገኝበት አካባቢ እንዲደርስ የሚዋጣ ገንዘብ) አብረው ይመጣሉ። አውሮፓ በ2018 በትእዛዝ ቪዲዮ የሚያቀርቡ ካታሎጋቸው ቢያንስ 30 በመቶ የአውሮፓ ሥራ እንዲሆን ወስኗል። ካናዳ በ2023 የስትሪሚንግ ኩባንያዎችን ወደ ብሮድካስት ሕጓ አስገብታለች። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፤ ኮታው የሚቆጠረው እንዴት ነው፣ ገንዘቡስ ማን እጅ ይገባል?

አስተያየቱን ስትጽፉ

አጭር ይሁን። ለአንድ ሐሳብ ሦስት ነገር ይብቃ፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ በእውነተኛ አገልግሎት ላይ የሚያመጣው ችግር፣ እናንተ የምትመርጡት አጻጻፍ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጽፍም። አርቃቂው ጠረጴዛ ላይ ግን የአስተያየት ክምር አለ፤ ተገልብጦ መግባት የሚችል ዓረፍተ ነገር ያቀረበለት ሰው ቀድሞ ይነበባል።

ለምሳሌ ራሴ ባዘጋጀሁት በዚህ አንቀጽ እንሞክር፦ «የብሮድካስት አገልግሎት ማለት በማንኛውም ቴክኖሎጂ ድምፅ ወይም ምስል ለሕዝብ የሚያስተላልፍ አገልግሎት ነው።»

ደካማው አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ይህ አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ስለሚጋፋ ይሰረዝ።» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አርቃቂው በምን ይተካው?

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ትርጓሜው አሁን ባለው አጻጻፍ አንዲት መምህርት የሂሳብ ትምህርት ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ብትጭን ፈቃድ እንድታወጣ ያስገድዳታል። ቪዲዮውን ያጓጓዘው የኢንተርኔት አቅራቢም ብሮድካስተር ይሆናል። በመግቢያው ከተጻፈው የሕጉ ዓላማ ጋር ይህ አይሄድም። ስለዚህ እንዲህ ቢስተካከል፦ የብሮድካስት አገልግሎት ማለት ዋና ዓላማው በአቅራቢው የኤዲቶሪያል ኃላፊነት ሥር የተሰናዱ ፕሮግራሞችን በመርሐ ግብር ለሕዝብ ማቅረብ የሆነ የንግድ ወይም የሕዝብ አገልግሎት ነው፤ የሌላን ሰው ይዘት ማጓጓዝ ብቻውን ብሮድካስት አይደለም።»

ልዩነቱን አያችሁ? መምህርቷና አቅራቢው ችግሩን በዓይን ያሳያሉ። «ዋና ዓላማው»፣ «ኤዲቶሪያል ኃላፊነት» እና «መርሐ ግብር» የሚሉት ቃላት ደግሞ ከላይ ካየናቸው ጉዳዮች የመጡ መለኪያዎች ናቸው። የመጨረሻዋ ሐረግ አጓጓዡን ታስወጣለች። በትእዛዝ የሚቀርብ ቪዲዮ እዚህ አልገባም፤ ቀለል ያለ ግዴታ ያለው የራሱ ትርጓሜ እንዲሰጠው በሌላ አንቀጽ እጠይቃለሁ።

ካስገባችሁ በኋላ የገቡት አስተያየቶችና የተሰጣቸው መልስ ይፋ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛው ረቂቅ ሲወጣ ከፊተኛው ጋር ቃል በቃል አስተያዩት፤ የትርጓሜ ለውጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ነው የሚገባው። «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚሉትን አንቀጾች ሁሉ ለብቻ ጽፋችሁ ያዙ። አዋጁ ላይ የወደቀ ሐሳብ በመመሪያ ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁና፣ መመሪያውም ከመጽደቁ በፊት ለአስተያየት እንዲወጣ የሚያስገድድ ንዑስ አንቀጽ አዋጁ ውስጥ እንዲጨመር አሁኑኑ ጠይቁ።